ከፍ ያለውን አውቶሞቢል ዝቅ ስለ ማድረግ

ያገለገለ ከፍ ያለ አውቶሞቢል፤ ቶዮታ ራቭ ፎርን ወይም ሱዙኪ ቪታራን የመሰለውን፤ ለቤተ ሰባቸው ከገዙት ወዳጆቻችን አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ቅር ይላቸዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ ሲሆን እንደ ልብ ይሄዳል፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ጎን ያጋድላል፤ ከኋላ የተቀመጡትም ሕፃናት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በዚህ ጊዜ ሞላውን አሳጥሮ አካሉን ወደ መሬት ማቅረብ ይሻላል የሚል ምክር ከጋራዥ ይሰማል። ነገሩ ሕይወትን የሚነካ ስለ ሆነ፤ ጌታው ብቻ ሳይሆን የቤቱ እመቤትም ልታውቀው ይገባል።

የእኅቴ ባል እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል ገዝቶ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ አውቶሞቢሉ በየጠመዝማዛው እያረገደ ስላስጨነቃቸው፤ እኅቴ በተመለሰች ጊዜ «ጋሼ፤ ከእንግዲህ ልጆቼን ይዤ በዚህ ነገር አልሳፈርም» አለችኝ። ባሏም አፍሮ ወደ አንድ ጋራዥ ቢሄድ፤ መካኒኩ «ጌታዬ፤ ከየሞላው አንዳንድ ዙር እቆርጥልዎታለሁ፤ እስከ ማታ ያልቃል» አለው።

ዝቅ ማድረግ ራሱ ምክንያት የሌለው ነገር አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ የመገልበጥን አደጋ ሲመዝን፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለክብደቱ ማእከል ከፍታ እጥፍ ያካፍላል። ውጤቱ ለተራው አውቶሞቢል ከ1.30 እስከ 1.50፤ ከፍ ላለው ግን ከ1.00 እስከ 1.30 ያህል ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 1.50 ሜትር፤ የክብደቱ ማእከል ከፍታ 65 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1.15 ይደርሳል፤ አካሉ በ3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ወደ 1.21 ከፍ ይላል። ትርፉ ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ መካኒክ ያጋንናል።

ሞላውን መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ስድስት ዙር ካለው ሞላ አንዱ ቢቆረጥ፤ የቀረው በ20 በመቶ ያህል ይደነድናል፤ የሚተጣጠፍበት ቦታ ግን ያንሳል። በጋዝ እሳት የቆረጡት እንደ ሆነ ብረቱ ከፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ በሙቀቱ ያጣል። የተቆረጠው ጫፍም በመቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በተንጠለጠለ ጊዜ ከስፍራው ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የከፋው አውቶሞቢሉ በመታጠፊያ ላይ ሳለ የመጨረሻውን ምት የሚቀበለው ላስቲክ ቶሎ መነካቱ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው በድንገት ይደነድንና መንገዱን ይለቃል። የጎማውም አቋም ስለሚዛባ የውስጥ ጠርዙ ያለ ጊዜው ይበላል።

ይህን ሰምቼ አማቼን ወደ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ወሰድሁት። እርሳቸውም ምንም ሳይፈቱ የአውቶሞቢሉን ማእዘን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት፤ ደጋግሞም ነጠረ። «ሞላው ምን አጠፋ? አሞርዛቶሩ ሞቷል» አሉ። ከሥር ገብተው ያዩት ጎሚኒም የተሰነጣጠቀ ነበር። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው እርጅናን ከቁመት ለይቶ ማየት ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያወዛውዘው እርጅናው ነው።

አሞርዛቶሩንና ጎሚኒውን ከለወጠ በኋላ አሁንም ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ቢኖር፤ ለዚያው ሞዴል ተለክቶ የተሠራ አጭር ሞላ ከሚስማማው አሞርዛቶር ጋር አራቱንም በአንድነት ያስገባ፤ ከ3 ሳንቲ ሜትርም አይለፍ። ከዚያ የጎማውን አቅጣጫ ያስተካክል፤ የፊት መብራቱንም ያስመርምር። ክረምት የሸረሸረው መንገድና በየሰፈሩ ያለው የፍጥነት መግቻ ጉብታ ሆዱን እንደሚጠብቁትም አይርሳ።

አንድ ነገር ለእመቤቶች ልጨምር። 1,500 ኪሎ በሚመዝነውና ከላይ በጠቀስሁት አውቶሞቢል ጣሪያ ላይ፤ ከመሬት 1.80 ሜትር ከፍ ብሎ 100 ኪሎ ዕቃ ቢጫን፤ የክብደቱ ማእከል 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በአጭር ሞላ ከሚገኘው ትርፍ እጥፍ የሚበልጥ ኪሳራ ነው።

አማቼ የአጭሩን ሞላ አሳብ ገና አልተወውም፤ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። እኅቴ ግን በአዲሱ አሞርዛቶር እንደገና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲነሡ፤ የጤፉን ከረጢትና የቅቤውን ቅል ከጣሪያው አስወርዳ ከልጆቹ እግር ሥር አስቀመጠች።