ስሙ የተምታታ ሕማም

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ በቆዳው ላይ እባጭ ወይም ቋቁቻ የወጣበት ሰው ወደ ካህኑ ይቀርብ ነበር፤ ካህኑም ነገሩ ካልተገለጠለት ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፣ ዳግመኛ አይቶም ካልቆረጠለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል እንጂ በአንድ እይታ አይፈርድም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ደዌው ከራስ እስከ እግሩ ከድኖት ሥጋው ሁሉ የነጣ ሰው ንጹሕ መባሉ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሊቃውንት በዚያ ለምጽ የተባለው የዛሬው ሥጋ ደዌ ብቻ እንዳልነበረ ያምናሉ።

ስሙ ግን እንደ ተምታታ ኖረ። በአውሮፓ እንኳ ሶሪያሲስ የተባለውን ቅርፊታም የቆዳ ሕመም ከሥጋ ደዌ በግልጥ የለየው የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ሲሆን፣ ዘመኑም 1841 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የሥጋ ደዌን ተህዋስ ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛም ዘንድ ለምጽ ዛሬ ለቆዳ ንጣት ሲነገር፣ ችፌ ደግሞ የሚያሳክከውና የሚያዠው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት ችፌ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምርና የክርንና የጉልበት እጥፋት ውስጥ ይሰፍራል፤ ሶሪያሲስ ግን ውጭውን፣ ክርኑንና ጉልበቱን ራሱን፣ የራስ ቅልንም ይመርጣል፣ ዳሩ የተከበበ ወፍራም ቅርፊትም ያበጃል፣ ጥፍርንም ልብስ ሰፊ በጣቱ እንደሚያጠልቀው ቆብ በጥቃቅን ጉድጓድ ይወቅረዋል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ የፈንገስ ሕመም የሆነው ጭርት ግን ይተላለፋል። በመጻሕፍት «ይቀላል» የተባለው መቆጣት በጠይም ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ስለሚቆይ፣ ሕመምተኛው ደዌው ያልለቀቀው መስሎት ቅባቱን ይደጋግማል።

ጉዳቱም የሚብሰው ከዚህ መደጋገም ነው። የሃይድሮኮርቲዞንና የመሰሎቹ ቅባት ከ1952 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቆዳ ሕክምና ታላቅ ረድኤት ቢሆንም፣ «ለማሳከክ የሚሆን ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ በፊቱ ላይ ወራት የቀባው ሰው ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉርም ይወርረዋል፤ በጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ ማሳከኩን ጸጥ አድርጎ ፈንገሱን ያሰፋዋል፣ ክብ ዳሩንም አጥፍቶ ሐኪሙን ያሳስታል። ልኩ ግን ቀላል ነው፤ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋው ቅባት ለሁለት መዳፍ ከነጣቶቻቸው ስፋት ይበቃል። ለችፌ ግን ዋናው መድኃኒት ከሁሉ የረከሰው ነው፦ ለብ ባለ ውኃ አጭር መታጠብ፣ ቆዳው እርጥብ ሳለም ቫዝሊን መቀባት። (ይህን ምክር ሰው የሚንቀው ርካሽ ስለ ሆነ ይመስለኛል።)

በአዲስ አበባ፣ በቀድሞው የሥጋ ደዌ መታከሚያ ስፍራ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕሙማንን ያክማል። ሥጋ ደዌ ሲጠረጠር ከሚደረጉት ፈተናዎች አንዱም እጅግ ቀላል ነው፤ መርማሪው ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍኖ፣ የጥጥ ጫፍ ወደ ክር አሹሎ፣ የተጠረጠረውን የቆዳ ክፍል በቀስታ ይነካዋል፣ የተነካበትንም ስፍራ በጣቱ እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። ችፌ ያለበት ሰው ወዲያው ያመለክታል፤ ሥጋ ደዌ ያለበት ብዙ ጊዜ ጥጡ መቼ እንደ ነካው እንኳ አያውቅም።