ሁለት ኬብል ሁሉ ሁለት መንገድ አይደለም
ዩኒክስን ስናሻሽል የጋራ ዲስክን ወደ ተጠባባቂ መንገድ ስለማዛወር

የዛሬው ጽሑፋችን በየኮምፒውተር ክፍሉ ሰርቨር የሚጠብቁ ወጣቶችንና የኔትወርክ ኮርስ የሚከታተሉ ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። ሙያዊ ቃላት ቢበዙበትም ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነው። ከአገሩ ሲወጣ ዲፕሎማውንና ትራንስክሪፕቱን ጥሎ የወጣ ሰው ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በካምፕ ውስጥ የተማረበትና የተፈተነበት መዝገብ ብቸኛ ማስረጃው ሊሆን ይችላል። ታዲያ መዝገቡ ያለበት ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ኬብል ብቻ ከሆነ ያቺ ኬብል የተቋረጠች ቀን ሥራው ሁሉ ይቆማል።

የጋራ ዲስክ ምንድን ነው?

ብዙ ሃርድ ዲስኮችን የያዘ ሳጥን ከሰርቨሩ ውጪ ይቀመጥና ሰርቨሮቹ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ቦታ በኬብል ይጠቀማሉ። ይህ ቀድሞ በአብዛኛው ፋይበር ቻነል የሚባል ውድ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር። አይስካዚ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ ወዲህ ግን በተራ የኔትወርክ ኬብልና ስዊች መሥራት ተችሏል። ለእኛ ዓይነቱ ክፍል የሚሆነውም እሱ ነው።

ሁለት ቦኖ በአንድ ቧንቧ

አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት የውሃ ቦኖ አለ እንበል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቧንቧ ከሆነ ቧንቧው ሲፈነዳ ሁለቱም ይደርቃሉ። የዲስክ መንገድም እንዲሁ ነው። ሁለት ኬብል ዘርግታችሁ ሁለቱንም አንድ ስዊች ላይ ከሰካችሁ ያላችሁ መንገድ አንድ ነው። ሁለት ስዊች ገዝታችሁ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ሶኬት ካበራችሁም ያው ነው። እውነተኛ ሁለት መንገድ ማለት በሰርቨሩ ላይ ሁለት ካርድ፣ ሁለት ኬብል፣ ሁለት ስዊች፣ በሳጥኑም ላይ ሁለት መቆጣጠሪያ ሲኖር ነው። መብራቱም ቢቻል ከሁለት ዩፒኤስ ይምጣ። ይህ ሁሉ ባይሟላ እንኳ የጎደለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአይስካዚ ደግሞ ሁለቱ ካርዶች በተለያየ የአድራሻ ክልል ይሁኑ። በአንድ ክልል ውስጥ ካሉ ሊኑክስ የሁለቱንም ትራፊክ በአንዱ ካርድ ብቻ ሊልከው ይችላል።

አንድ ዲስክ፣ ሁለት ስም

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ዩኒክስ ለዲስክ የሚሰጠው የተለመደው ስም ዲስኩ ከተገኘበት መንገድ ወይም ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛውን ኬብል ስትሰኩ ያው ዲስክ በሌላ ስም እንደገና ብቅ ይላል። አንድ ሰው በቤት ስሙም በትምህርት ቤት ስሙም ሁለት ጊዜ ተመዘገበ እንደማለት ነው። አንዱ ሠራተኛ «አዲስ ባዶ ዲስክ መጣልን!» ብሎ ፎርማት ቢያደርገው የጠፋው ያው መዝገባችን ነው እኮ!

መልቲፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ስለ ራሱ የሚሰጠውን የማይለወጥ መታወቂያ ቁጥር ያነብባል፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሁለቱን ስሞች ጠቅልሎ አንድ ዲስክ አድርጎ ያሳያል። አንዱ መንገድ ሲቋረጥም ሥራውን ወደ ሌላው ያዞራል።

ማሻሻያው ለምን ይነካዋል?

በየዩኒክሱ ዓይነት ይህ ነገር የመጣው በተለያየ ጊዜ ነው። በኤችፒ-ዩኤክስ ቀድሞ ተጠባባቂውን መንገድ በእጅ መመዝገብ ይቻል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 11አይ ቨርዥን 3 ግን ሥራው ወደ ከርነሉ ገባ፣ ከመንገድ ጋር ያልተያያዘ አዲስ የዲስክ ስምም አብሮ መጣ። ፍሪቢኤስዲ የራሱን መልቲፓዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 7.0 ነው። በሶላሪስ ደግሞ መልቲፓዝ ሲከፈት የዲስኮቹ ስም ይለወጣል። እንግዲህ ከአሮጌ ቨርዥን ወደ አዲስ ስትሸጋገሩ የድሮው ስም ላይገኝ ይችላል። ስሙ በማስነሻው ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ከቀረ ሰርቨሩ ይነሳና ዲስኩን አጣሁት ይላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ባክአፕ ውሰዱ፤ ከዚያም ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

2. የዲስኮቹን ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና የሚከፈቱበትን ቦታ በወረቀት ላይ ጻፉ። ሰርቨሩ ካልተነሳ በውስጡ ያለው ማስታወሻ አይነበብም።

3. ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን አታድርጉ። ሲስተሙ ያለው በሰርቨሩ የውስጥ ዲስክ ላይ ከሆነ የጋራውን ዲስክ ኬብል ነቅላችሁ አሻሽሉ፤ የመጫኛው ፕሮግራም በስህተት እንዳይደመስሰው ነው። ከዚያ በአንዱ መንገድ ብቻ ጥቂት ቀን ይሥራ። ችግር ቢመጣ ምክንያቱ ማሻሻያው ይሁን መንገዱ በቀላሉ ይለያል።

4. ተጠቃሚዎችን አስወጡ፣ ዲስኩን በሥርዓት ዝጉ፣ መልቲፓዝን ክፈቱ። በማስነሻው ዝርዝር ውስጥ የድሮውን ስም በመልቲፓዙ ስም ወይም በማይለወጥ መታወቂያ ተኩ።

5. ሁለተኛውን ኬብል ስኩና አንድ ዲስክ፣ ሁለት መንገድ መታየቱን አረጋግጡ። በሊኑክስ ኤልቪኤም «ተመሳሳይ ዲስክ ሁለት ጊዜ አየሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከሰጠ ነጠላዎቹን መንገዶች እንዳያይ ማጣሪያውን አስተካክሉ።

ኬብል ነቅሎ መሞከር

ያልተሞከረ ተጠባባቂ መንገድ አይታመንም። ትልቅ ፋይል መቅዳት ጀምሩና አንደኛውን ኬብል ንቀሉ። ቅጂው ለጥቂት ጊዜ ቆም ብሎ መቀጠል አለበት። በሊኑክስ አይስካዚ የጠፋ መንገድ እስኪመለስ የሚጠበቀው በነባሪነት 120 ሴኮንድ ነው፤ ሌላ መንገድ ሲኖር ይህን ያህል መጠበቅ ስለማያስፈልግ አሳጥሩት። ኬብሉን መልሳችሁ ስኩ፤ መንገዱ መመለሱን ሳታዩ ሁለተኛውን እንዳትነቅሉ። ከዚያ ተራው የሁለተኛው ነው። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ስዊች መብራት በየተራ አጥፉ። በመጨረሻም የተቀዳውን ፋይል ከዋናው ጋር በቼክሰም አነጻጽሩ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም አንድ ነገር ይቀራል። መልቲፓዝ ሥራውን ሲሠራ ድምፅ የለውም። አንዱ መንገድ ከሞተ ወር ቢሞላውም ተማሪው አይታወቀውም፤ የሚታወቀው ሁለተኛው ሲሞት ነው። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የመንገዶቹን ሁኔታ የሚያይና በመዝገብ ላይ የሚፈርም ተረኛ ይመደብ።

በተጨማሪም መልቲፓዝ የባክአፕ ምትክ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሁለቱም መንገድ እኩል ይሰረዛል፤ ሳጥኑ ራሱ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅም ሁለቱ መንገዶች የሚያደርሱት ወደ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ የተማሪዎቹ ውጤት ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት፣ በቁልፍ ይቀመጥ።