በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሲታመም

ከደባርቅ ተነሥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ዛሪማ ስንደርስ ጋቢያችንን እናወልቃለን። ደጋው ብርድ፣ ቆላው ሐሩር ነው፤ ፀሐይ ግን በሁለቱም ሞልታለች። በዚያች ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ባልየው ያስላል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ይከሳል። ሲመረመር የሳንባ ቲቢ ተገኘበት። ሚስቱ ግን አብራው እየኖረች ጤነኛ ናት። ይኼኔ ሐሜት ይጀመራል። «በዘራቸው ያለ ነው» ይላል ጎረቤት። «የደበቀው ኃጢአት ይኖራል» የሚልም አይጠፋም። ትዳርን ከሳሉ ይልቅ የሚያቆስለው ይህ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ቲቢ በትንፋሽ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ባክቴሪያው ከገባባቸው 100 ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ5 እስከ 10 ያህል ናቸው። ለምን?

አንዱ ምክንያት በነጭ የደም ሴሎቻችን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሴሉ የቲቢን ባክቴሪያ ሲያውቅ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሆነውን ፕሮቲን ያበዛል። ቫይታሚኑ እንደ ቁልፍ፣ ተቀባዩ እንደ ጓጉንቸር ሲገጥሙ፣ ሴሉ ካቴሊሲዲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ያመርታል። ቁልፍ ከሌለ ጓጉንቸሩ ብቻውን አይከፍትም።

የተቀባዩ ዘረ መል 12ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ከሰው ሰውም በጥቂቱ ይለያያል። ከልዩነቶቹ አንዱ ፕሮቲኑን በ427 ፈንታ ከ424 አሚኖ አሲድ ያሠራዋል፤ አጭሩም በመጠኑ ይበረታል። ይሁንና ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የተገኘው ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ዘረ መሉ ዝንባሌን ቢያሳይም ፍርድ አይሰጥም።

«ታዲያ ቫይታሚኑን እንዋጠው?» ትሉ ይሆናል። በለንደን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ቫይታሚን ዲ ከቲቢ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ በጠቅላላው ሕመምተኛ ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም፤ አንድ የተወሰነ የዘረ መል ዓይነት ያላቸው ግን አክታቸው ቶሎ ጠራ። በሞንጎሊያ ወደ 9,000 በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ ቫይታሚኑ በቲቢ ከመያዝ እንዳልከለከለ አሳየ። ስለዚህ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

«የ13 ወር ፀሐይ» ባላት አገራችን እንኳ እጥረቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በአዳማና በአካባቢዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች 42 ከመቶው እጥረት ነበረባቸው፤ የከተማዎቹ ከገጠሮቹ ይብሱ ነበር። ልጆቻችንን ከቤት አውጥተን ፀሐይ እናሙቅ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ አብራችሁ ተመርመሩ፤ ልጆቻችሁንም አስመርምሩ። መስኮት ክፈቱ። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። «ተጸልዮልኝ ተሻለኝ» ብሎ በሁለተኛው ወር ማቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ይጋብዛል። ጸሎቱም መድኃኒቱም አብረው ይቀጥሉ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ጥፋተኛ ሲፈልጉ፣ ጌታ በእርሱም በወላጆቹም ላይ አልፈረደም። እኛም ለታመመው የትዳር ጓደኛችን ጥፋት መፈለጉን ትተን፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር እናቅርብለት።