በቆላ ከተማ እግረኛ የሚበዛው ጥላ ሲኖር ነው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጣርማበርን ዋሻና ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ጣርማበር ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ኮቱንም ያወልቃል።

ከተማዋ ሰፊ አይደለችም፤ ገበያውም መናኸሪያውም ለብዙው ነዋሪ በእግር ይደረሳሉ። ያም ሆኖ ቀትር ላይ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ የሚጠራው ብዙ ነው። ሰነፍ ሆኖ ነው እንዳንል ሳይንሱ ሌላ ነገር ይነግረናል፦ ሰው መራመዱን አለመራመዱን ሰፈሩም ይወስነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታንያዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሾፌሮች ይልቅ፣ የባለ ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት በጥቂቱ ነበር። ትኬት ቆራጮቹን ስፖርት ሥሩ ያላቸው የለም፤ ሥራው ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል።

ሰፈርም እንዲሁ ያደርጋል። በ10 አገሮች 14 ከተሞች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ6,000 በላይ አዋቂዎችን ወገባቸው ላይ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ አስሮ ተከታትሏል። ቤቶቹ በተቀራረቡበት፣ መስቀለኛ መንገድ፣ የትራንስፖርት ማቆሚያና መናፈሻ በበዛበት ሰፈር የሚኖሩት፣ ይህ ከጎደለበት ሰፈር ነዋሪዎች ይልቅ በሳምንት ከ68 እስከ 89 ደቂቃ ጨምረው ይንቀሳቀሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነውና፣ ግማሽ ያህሉን ሰፈሩ ሸፈነላቸው ማለት ነው።

ከ14ቱ ከተሞች ግን አንዱም የአፍሪካ አልነበረም። ለይፋት ቆላ ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥላ ነው። ስንራመድ ጡንቻችን ሙቀት ያመነጫል፤ ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በላብ ትነት ነው። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ ከላይ፣ የጋለው አስፋልት ደግሞ ከታች ተጨማሪ ሙቀት ይልኩበታል። ዛፍ ሁለቱንም ይከላከላል፤ ጨረሩን ያግዳል፣ መሬቱ እንዳይግል ያደርጋል። በቅጠሉ የሚያተነው ውኃም ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። ለዚህ ነው በአንድ ጎዳና ላይ ፀሐዩ የማያስቆም፣ ጥላው ግን የሚያዝናና የሚሆነው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። የደሴው አስፋልት ከተማዋን መሀል ለመሀል ያቋርጣል። የእግረኛው ጠርዝ በሸቀጥና በቆመ ባጃጅ ሲያዝ፣ እግረኛው ወርዶ ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋል። እናት ልጇን በእግር ለመላክ የምትሰጋው ርቀቱን ቆጥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስቶክሆልም የመንገድ ደኅንነት መግለጫ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሽንኩርቱንና ማሾውን ይዞ ከገጠር በእግሩ ገበያ የሚወርደው ገበሬ እንቅስቃሴ አልጎደለውም። የጎደለው ከሱቅ፣ ከቢሮና ከባጃጅ መሪ ላይ ለማይነሳው የከተማ ሰው ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ባይበዛለትም ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ከምግብ በኋላ ጥቂት መራመድ የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው። አዘውትሮ መራመድ የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ ጭንቀትንም ያቀላል።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀምራለች። ለሸዋ ሮቢት ዓይነቷ ከተማ የሚበጀው ግን ከዚህም ይቀላል፦ ከገበያና ከትምህርት ቤት በሚያደርሱ መንገዶች ዳርና ዳር እንደ ኒም ያለ ቆላ የሚወድ ዛፍ መትከል፣ የእግረኛውን ጠርዝ ለእግረኛ መመለስ፣ አስፋልቱ ላይ ፍጥነት የሚገታ ማቋረጫ ማበጀት።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። እያወሩ መሄድ የሚያስችል፣ ዘፈን ግን የማያዘፍን ፍጥነት ይበቃል። የከተማው ስብሰባ ላይ ሲገኙ ደግሞ ከሌላው ጥያቄ አስቀድመው ጥላ ይጠይቁ።