ከጉቶው ሥር ያለው ጫካ

በረሃማነት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከሰሃራ እየገፋ የሚመጣ አሸዋ ነው። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። በረሃማነት ማለት በደረቅና በከፊል ደረቅ አካባቢዎች ያለ መሬት የማብቀል አቅሙን እያጣ መሄዱ ነው። አሸዋ ከየትም ሳይመጣ፣ ደህና የነበረ መሬት ባለበት ሊራቆት ይችላል።

እንዴት? እስቲ አንዲት የዝናብ ጠብታ እንከተል። ትልቅ ጠብታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወርዳል። መሬቱ ላይ ዛፍ፣ ሣርና የረገፈ ቅጠል ካለ ጉልበቱ እነሱ ላይ ያልቃል፤ ውሃውም ሥሮችና ትሎች በከፈቱት ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ዛፉ ተቆርጦ፣ ሣሩም ተግጦ ካለቀ ግን ጠብታው አፈሩን በቀጥታ ይመታዋል። የተፈረፈረው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲደርቅም እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ቀጣዩ ዝናብ መግቢያ ስለሚያጣ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዝናቡ ሳይቀንስ መሬቱ ይጠማል ማለት ነው።

ችግሩ ደግሞ ራሱን ያባብሳል። እንጨት ሲጠፋ ሰው ኩበት ያነዳል፤ አፈሩን ማዳበር የነበረበት ነገር ምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል። ምርት ሲቀንስ ደግሞ ተዳፋቱም ይታረሳል።

ታዲያ እንዲህ የሆነ መሬት ይድናል? ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ወረዳን እንይ። እዚያ ያሉት ተራሮች ተራቁተው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ማልማት ጀመሩ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ጫካ የተመለሰው በችግኝ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር አልሞተም ነበር። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ግን ወይ ፍየል ይቀነጥበዋል ወይ ለማገዶ ይቆረጣል። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ጠንካራውን ቀንበጥ አስቀርተው ሌላውን ገረዙ፤ ከብትም እንዳይገባ ተስማሙ። ሥሩ ድሮውኑ ጥልቅ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀንበጥ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ቶሎ ያድጋል።

ከብቶቹስ ምን ይብሉ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መሬት መከለል ብቻውን የተቸገረ ሰው ላይ በር መዝጋት ይሆናል። ሁምቦ ላይ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይወሰዳል፣ የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ ይሆናል፣ ደኑን የሚያስተዳድሩትም የነዋሪዎቹ የህብረት ሥራ ማህበራት ናቸው። ጥቅሙ ለራሳቸው ስለሆነ ይጠብቁታል።

ይህ ግን ጊዜ አይሰጥም። ጉቶው ተነቅሎ፣ አፈሩ ታጥቦ አለት ከወጣ በኋላ እርከን መሥራትና ከዜሮ መትከል ግድ ነው። ስለዚህ የተራቆተ ተራራ ስታዩ ችግኝ ከማሰባችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከሥሩ ገና በሕይወት ያለ ነገር ይኖር ይሆን?