የደህንነት ካሜራ ሲተከል፦ ቤቱን የሚያየው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን ነው

ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ በእጅ ስልክ የሚታይ የደህንነት ካሜራ ርቀው ለሚኖሩ ባለንብረቶች ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ለምሳሌ በደቡብ ወሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ቤት ሠርቶ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ግቢውን ካለበት ሆኖ መከታተል ይችላል። ይሁን እንጂ ካሜራው ለባለቤቱ የሚያሳየውን ሁሉ የይለፍ ቃሉን ለያዘ ሌላ ሰውም ያሳያል። ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆንም በዚያው ይታወቃል።

አደጋው በአንድ ግቢ ብቻ አይወሰንም። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ በተባለ አጥፊ ሶፍትዌር የተያዙ ካሜራዎችና ሌሎች መሣሪያዎች ዳይን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ባደረሱት ጥቃት፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። ሚራይ የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነበር፤ ከፋብሪካ የሚሰጡ ከ60 የሚበልጡ የታወቁ የመለያ ስሞችንና የይለፍ ቃላትን በየተራ ይሞክር ነበር። በመሆኑም በተከላው ዕለት የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ሊደረጉ ይገባል።

1. አካውንቱ የባለቤቱ ይሁን
አብዛኞቹ ካሜራዎች መጀመሪያ በተመዘገቡበት አካውንት ሥር ይቆያሉ። ቴክኒሻኑ በራሱ ስልክ ካስመዘገበው፣ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም ቤቱን ማየት ይችላል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ካሜራውን ይስቀል፣ ገመዱን ይዘርጋ፤ ምዝገባው ግን በባለቤቱ አካውንት ይፈጸም።

ባለቤቱ በቦታው ከሌለ በራሱ ኢሜይል አካውንት ከፍቶ፣ የሚያምነው የቤተሰብ አባል በዚያው አካውንት ምዝገባውን እንዲያከናውን ያድርግ። እንዳበቃ የይለፍ ቃሉን ይለውጥ፤ በአካውንቱ የገቡትን ሌሎች ስልኮች ያስወጣ። ለቤተሰብ የማየት ፈቃድ የሚሰጠው በመተግበሪያው የማጋሪያ አማራጭ እንጂ የይለፍ ቃልን በመንገር አይደለም።

2. የይለፍ ቃሉን ይለውጡ
የካሜራውንም የራውተሩንም የይለፍ ቃል ለየብቻ ይለውጡ። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ከስልክ ቁጥር ወይም ከልደት ዘመን የተሻሉ ናቸው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለ ያብሩት፤ በአጭር መልእክት የሚደርስዎትን ኮድ ለማንም አይንገሩ።

መብራት ጠፍቶ መምጣቱ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃሉን አያጠፋም። የዳግም ማስጀመሪያው ቁልፍ ተጭኖ ከተያዘ ግን መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ስለሚመለስ፣ እነዚህ ጥንቃቄዎች እንደገና መወሰድ አለባቸው።

3. መስመሩን ይለዩ
ከአርዲቦ የሚፈሰው ውኃ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሎጎ ሐይቅ እንደሚወርድ ሁሉ፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ መሣሪያ ሲጠቃም ችግሩ ወደ ሌሎቹ ሊዛመት ይችላል። ራውተሩ የእንግዳ መስመር ካለው ካሜራውን በዚያ ያገናኙ፤ ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ የሚጠቀሙበት ስልክ በዋናው መስመር ይቆይ።

4. ሶፍትዌሩን ያዘምኑ
ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ማዘመንን መተው አይገባም። አምራቹ የደህንነት ክፍተቶችን የሚደፍነው በዚሁ መንገድ ነው።

5. የሌሎችን መብት ያክብሩ
ካሜራውን ወደ በርና ወደ ግቢ እንጂ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ አያዙሩ። የቤት ሠራተኞችና እንግዶችም ካሜራ መኖሩን ሊያውቁ ይገባል። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ መብት ነው።

ያልታወቀ ሰው ከገባ
በቅድሚያ በአካውንቱ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር በፎቶ ያስቀሩ፤ ቀጥሎም ካሜራውን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፣ ለፖሊስ ያመልክቱ። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት በወንጀል ያስጠይቃል።

ካሜራውን ሲሸጡ ወይም ለሌላ ሰው ሲሰጡም ከአካውንትዎ ሰርዘው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱት።