ስለ አደይ አበባ አዘራርና ለንብ ስለሚሰጠው ጥቅም



አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ ደጋውንና ወይና ደጋውን ቢጫ የሚያለብስ የአገራችን ተክል መሆኑን የማያውቅ የለም። ለእንቍጣጣሽና ለደመራ ጌጥ መሆኑም የታወቀ ስለ ሆነ፥ አሁን የምናስረዳው ለንብና ለኑግ እርሻ የሚሰጠውን ጥቅም ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ንቡን ከመውጣት ስለሚያግደው ያከማቸው ስንቅ እያለቀ ይደክማል። በመስከረም አደይ ሲፈነዳ ግን ንቡ ከአበባው ቀስሞ፥ የአበባውንም ዱቄት ለጫጩቶቹ አግዞ ይበረታል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው ማር ብዛት ከዚህና ይህን ከመሳሰሉት የመፀው አበቦች የሚገኝ ነው።

ጥቅሙ በማር ብቻ አያበቃም። የአደይ ዘመድ የሆነው ኑግ በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት በሚገባ አያፈራም፤ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው የሚያመላልስለት ይልቁንም ንብ ነው። እንግዲህ በአደይ የበረታ ንብ በአጠገቡ ያለው ገበሬ ዘይቱን ይጨምራል፤ ንብ የራቀው ግን አበባው ቢያምርለትም ፍሬው ያንሰዋል።

አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነውና ካፈራ በኋላ ይደርቃል፤ የሚመጣው ዓመት ተስፋው በዘሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳርና የእርሻ ወሰን የሚያጭዱ ሠራተኞች ዘሩ ጠቍሮ ሳይረግፍ እንዳያጭዱ ማዘዝ ይገባል። በየዓመቱ በአበባው ጊዜ የሚታጨድ ወሰን ቀስ በቀስ ራቍቱን ይቀራል። ልጆች ለበዓል የሚቀጥፉት ግን፥ ከነሥሩ ካልነቀሉት፥ የሚጐዳ አይመስለንም።

በጠፋበት ስፍራ መዝራት የሚወድ፥ የደረቀውን ራስ በፀሐይ ቀን ለቅሞ በጨርቅ ከረጢት በደረቅ ቦታ ያቈይ። ዝናብ በሚጀምርበት ወራት መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ፥ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ደባልቆ ይበትን፤ አፈሩንም በስሱ ብቻ ያልብሰው። ፍግ አያሻውም፤ መሬቱ እጅግ ከወፈረ ቅጠሉ ይበዛል እንጂ አበባው አይበረክትም።

ነገር ግን በጤፍና በስንዴ ማሳ ውስጥ አደይ አረም ነው፤ ገበሬው ቢነቅለው አይነቀፍም። ስፍራው ወሰኑ፥ የመንገዱ ዳርና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ለሰፊ ቅጠል አረም የሚረጨው መድኃኒትም አደይን ስለሚያጠፋ፥ ረጪዎቹ ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንዲረጩና ወሰኑን እንዳይነኩ፥ አበባ ላይ ያለውንም ንብ እንዲጠነቀቁ የወረዳው ሹም አስቀድሞ ያስታውቃቸው።